«ላላ በሉ»ን እንስማው፣ የታክሲውን ታሪክ ለጊዜው እንተወው

ጠባሴ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ዛሬ ስለ አንድ አልበም ልጻፍ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ የደብረ ብርሃን ልጅ መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1946 እዚሁ ነው የተወለዱት (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ)። በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገቡ። በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን ያዙ፣ አስተማሪ አልነበራቸውም፣ በራሳቸው ነው የለመዱት። ከዚያ የጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል፣ ከዚያ የምሽት ክበብ፣ ከዚያ ዋልያስ ባንድ። ይሄን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ2018 «ላላ በሉ» የሚባል አልበም አወጡ። ሰባን ካለፉ በኋላ! ስለዚህ አልበም የተጻፈውን ፈልጋችሁ አንብቡ፣ አብዛኛው ስለ ታክሲ ነው። ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት ታክሲ ይነዱ ነበር፣ ኪቦርዳቸውን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ተራ እስኪደርሳቸው አውጥተው ይለማመዳሉ። እውነት ነው፣ ታሪኩም ደስ ይላል። ግን እኮ አልበሙ ውስጥ ስድስት ሙዚቃ አለ። ስለ ስድስቱ የሚያወራ ሰው አጣሁ።

የመጀመሪያው «ትዝታ» ነው፣ አሥር ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ዝግ ብሎ በአኮርዲዮን ነው የሚገባው። ወናፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ እንዴት ሞላ እንደሚልና እንደሚሳሳ ልብ በሉ፣ ዘፋኝ ትንፋሽ ሲስብ የምትሰሙት ዓይነት ነው። ትዝታን ያልተጫወተ ሰው የለም፣ ግን አብዛኛው ሲጫወተው አድማጩን ለማስለቀስ ይጣደፋል። ጋሽ ኃይሉ አይጣደፉም። አንዷን ሐረግ ይዘው ይቆያሉ፣ ጫፏን ትንሽ ይለውጧታል፣ ተመልሰው ይይዟታል። በኋላ ምቱ ይለወጥና ያው ትዝታ መራመድ ይጀምራል። ትዝታነቱ ሳይጠፋ እግርህ ይንቀሳቀሳል።

የመጨረሻው ደግሞ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ነው። ፒያኖ ብቻ። ድራም የለ፣ ቤዝ የለ።

እና የኔ አቋም ይሄ ነው፣ ተከራከሩኝ። «ላላ በሉ» ለድሮ ዝና የተሰጠ የምስጋና ወረቀት አይደለም። ጋሽ ኃይሉ በወጣትነታቸው ከሠሩት ጋር እኩል የሚቆም፣ እንደኔ ከሆነ የሚበልጥ ሥራ ነው። በ1977 «ቼ በለው»ን ሲሠሩ ሙሉ ባንድ ነበራቸው፣ ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱ፣ ጊታሩ፣ ሙላቱ አስታጥቄ እንኳን በእንግድነት ነበሩበት። እዚህ ሦስት ሰው ብቻ ነው። ድራም ላይ ቶኒ በክ፣ ቤዝ ላይ ማይክ ማይኮቭስኪ፣ ሁለቱም አውስትራሊያውያን። በሦስት ሰው መደበቂያ የለም፣ የያዝከው ሁሉ ይታያል።


ካሴት ቤት

ጠባሴ ተባረክ፣ ይሄን ክር ስጠብቅ ነበር። ግን የ1985ቱን ካሴት ሳትነካ «ላላ በሉ»ን ማንሳት አትችልም ወንድሜ።

ለማያውቁት ላስረዳ። ዋልያስ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄደ። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ አገሩ ገባ፣ ኃይሉ እዚያ ከቀሩት ናቸው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ስቱዲዮ ገብተው ለብቻቸው አንድ ካሴት ቀረጹ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘር፣ የድራም ማሽን። በቃ፣ ሌላ ሰው የለበትም። የተጫወቱት ደግሞ አያቶቻችን የሚያውቁትን ዜማ ነው፣ «ሸሞንሟናዬ» አለበት፣ «ሽለላ» አለበት። አኮርዲዮን አንድ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የማይጠፋ መሣሪያ ነበር፣ በኋላ ኦርጋን መጣና ገፋው። እሳቸው ያንን የተገፋ ድምፅ ከአዲሱ ማሽን ጋር አስቀመጡት።

ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተሰማ፣ ከዚያ ከካሴት ቤቶቹ ጋር አብሮ ተረሳ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር አንድ ካሴት ቤት ውስጥ አገኘው። ስልካቸውን ፈልጎ ደወለ፣ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም ሁሉ «ኃይሉ! ኃይሉ!» ያለው። እኛ መደርደሪያችን ላይ ነበረን እኮ። አቧራ ጠርጎ ያነሳው ሌላ ሰው ነው፣ ይሄ ሁልጊዜ ያበሳጨኛል።

አሁን ወደ ነጥቤ። የ1985ቱና የ2018ቱ አንድ ሐሳብ ናቸው፣ ልዩነታቸው ድራሙ ነው። ማሽን አይሰማህም። አንተ ብትዘገይም እሱ ይሄዳል። ቶኒ በክ ግን ይሰማል። ጋሽ ኃይሉ ሐረጉን ትንሽ ሲያዘገዩ እሱም ሳህኑ ላይ እየነካካ ይጠብቃቸዋል። 33 ዓመት ብቻቸውን የያዙትን ሐሳብ አብሯቸው የሚተነፍስ ሰው አገኙ፣ ለኔ የአልበሙ ዋና ነገር እሱ ነው።


ሸዋ ሮቢት ሜዳ

እኔ አልስማማም፣ እቅጩን ልናገር።

ጥሩ ሙዚቃ ነው፣ አልካድኩም። ግን ይሄ አልበም ለማን ነው የተሠራው? ግጥም የለው፣ ዘፋኝ የለው (የርዕሱ ዘፈን ላይ ካለችው «ላላ» በስተቀር)፣ ድራመሩ ፈረንጅ፣ ቤዚስቱ ፈረንጅ፣ አሳታሚው ፈረንጅ። እናቴ ቤት ባደርገው ጎረቤት «ይሄ የሬዲዮ ዜና መግቢያ ነው?» ይላል። የኛ ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ግጥሙን ነው የሚያኝከው። ወርቁን ይፈልጋል። ወርቅ ከሌለው ምኑን ይይዛል?

የድሮውን ከወደድን እናድንቀው። ሽማግሌ ስለሆኑ ብቻ የመጨረሻው ሥራ ይበልጣል ማለት ግን ለአረጋዊ ወንበር መልቀቅ ነው እንጂ ሙዚቃ ማድመጥ አይመስለኝም።


ጠባሴ

@ሸዋ ሮቢት ሜዳ፣ ክርክር ማለት እንዲህ ነው።

ግን ወንድሜ በመሣሪያ ብቻ የሚሠራ ሙዚቃ ፈረንጅ ያመጣብን ነገር አይደለም። ዋልያስ ራሱ በዚያ ነው የታወቀው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ግርማ በየነ ደርሰውት ዋልያስ ሲጫወተው ግጥም አልነበረውም፣ ዛሬም በየሠርጉ በየኮንሰርቱ ይሰማል። እረኛ ዋሽንት ሲነፋ ግጥም አለው? መንዝ ተራራ ላይ ዋሽንት የሰማ ሰው «ወርቁ የታለ?» ብሎ ጠይቆ ያውቃል?

ዕድሜን በተመለከተ፣ ይበልጣል ያልኩት ስላረጁ አይደለም። ኖታ መቁጠር ትችላለህ። በ«ቼ በለው» ዘመን ኦርጋኑ ላይ ጣታቸው ይሮጣል፣ ያምራል፣ ወጣትነት ነው። «ላላ በሉ» ላይ ከዚያ ሩጫ ግማሹን ትተውታል። የተዉት ስላቃታቸው እንዳይመስልህ፣ «ጉም ጉም»ን ስማው፣ ሲፈልጉ ያበሩታል። ማድረግ እየቻሉ መተው ትልቅ ነገር ነው።


የይፋት ልጅ

እኔ ደግሞ ክሩን ትንሽ ወደ ቆላ ላውርደው። ደብረ ብርሃን ብቻ ነው እንዴ ሰሜን ሸዋ?

ጌታቸው መኩሪያን አትርሱ! የኛው ናቸው፣ በ1935 ይፋት ነው የተወለዱት። ልጅ ሆነው መጀመሪያ የያዙት ክራርና ማሲንቆ ነው፣ በኋላ ነው ክላርኔትና ሳክስፎን የመጣው። እና ምን አደረጉ? ሽለላን በሳክስፎን ተጫወቱት። ሽለላ በአፍ የሚባል የጀግና ቃል ነው፣ እሳቸው ያንን በናስ ውስጥ አወጡት። ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች «ይሄ ሰውዬ ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ቀድሞ እንዲህ እንዴት ተጫወተ?» ብለው ተገረሙ። ይፋት ሠርግ ቤት አድረው ቢያውቁ አይገርማቸውም ነበር።

በስተርጅና የተሠራ አልበም ካልን «ሞአ አንበሳ» ነው የሚነሳው። በ2006 ወጣ። ጋሽ ጌታቸው ሰባን አልፈዋል፣ አብረዋቸው ያሉት ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ፐንክ ባንድ ናቸው። ጊታሮቹ ይጮሃሉ፣ ይፋጫሉ፣ ድራሙ ይወቃል። መጀመሪያ ስሰማው ሽማግሌው ይዋጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ሳክስፎኑ ሲገባ ግን ጊታሮቹ ሁሉ አጃቢ ሆኑ፣ ቤት ሙሉ ሰው አባወራው ሲናገር ዝም እንደሚለው። እዚያ ላይ «ሙዚቃዊ ስልት»ም አለ፣ ጠባሴ ያነሳት ራሷ። በ2012 ሁለተኛ አልበም አብረው ደገሙ። በ2016 አረፉ፣ ነፍስ ይማር።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሁለት የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ሁለቱም ከሰባ በላይ፣ ሁለቱም ከውጭ ሰዎች ጋር፣ ሁለቱም የአገራቸውን ዜማ ይዘው። አንዱ በጩኸት መሃል፣ አንዱ በዝግታ። የቱ ነው የሚበልጠው? እኔ ወገኔን መርጫለሁ።


ጡረታ የወጣ መምህር

ልጆቼ፣ ሳነብ ቆይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ለብዙ ዓመት ሙዚቃ አስተምሬአለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትዝታው አሥር ደቂቃ። ያ ርዝመት ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ዋልያስ ሂልተን ሆቴል በሚጫወትበት ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት አይቻልም። ስለዚህ ማታ ሂልተን የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ነው፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ኃይሉ ራሱ በቃለ ምልልስ ደጋግሞ ተናግሮታል። እስቲ አስቡት፣ ሌሊቱን ሙሉ አንድ አዳራሽ ሰው ይዘህ፣ መጀመሪያ እራት የሚበላ፣ ከዚያ የሚደንስ፣ ከዚያ የሚያንቀላፋ። ሦስት ደቂቃ ተጫውቶ ማቆም የለም። አንዷን ሐረግ ይዘህ ሰው ሳይሰለች ማቆየት እዚያ ነው የሚለመደው። በ2018 የምትሰሙት ትዝታ የነዚያ ሌሊቶች ልጅ ነው።

ሁለተኛ፣ ለይፋቱ ልጅ። ሽለላ ካልክ ቀረርቶን አብረን እናንሳ። ቀረርቶ ላይ የምታጨበጭብበት ምት የለም። ሰውዬው አንድ ትልቅ ትንፋሽ ይስባል፣ ከፍ ካለ ቦታ ድምፁን ይጥለዋል፣ ጫፉ ላይ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይቆማል። ሰው «በለው!» ይላል። ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ይነሳል። ያቺ ዝምታ፣ «በለው!» የሚባልባት ክፍተት፣ የዜማው አካል ናት። ጌታቸው ሳክስፎን ላይ ያመጣው ጩኸቱን ብቻ አይደለም፣ ክፍተቱን ጭምር ነው። «ሞአ አንበሳ» ላይ ጊታሮቹ የሚፋጩት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። እነዚያ የሆላንድ ልጆች «በለው!» እያሉ ነው ማለት ነው። ያንን ስለገባቸው ነው የሠመረው።

የቱ ይበልጣል የሚለውን አልመልስም። አንዱ ቀረርቶ ነው፣ ሌላው እንጉርጉሮ። ሁለቱም ቤታችን ውስጥ ቦታ አላቸው።


የይፋት ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ስለ ክፍተቱ ያሉትን ይዤ አሁን እንደገና ከፍቼዋለሁ። እውነትዎን ነው፣ ጊታሮቹ እሳቸው ትንፋሽ ሲስቡ ነው የሚነሱት። ስንት ጊዜ ሰምቼው ጆሮዬ ሳይዘው ያለፈ ነገር!


ከእነዋሪ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ስለ ታክሲው አንድ ነገር ልበል፣ ጠባሴ አትቆጣኝ።

ፈረንጆቹ ታክሲውን የሚጽፉት ስለሚደንቃቸው ነው። እኛን አይደንቀንም። እዚህ መምህር የነበረ፣ መሐንዲስ የነበረ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ታክሲ ነድቶ ልጆቹን አስተምሯል። ማንም ጋዜጣ ላይ አላወጣውም። ስለዚህ ታክሲውን እንደ ተአምር ማውራቱ ይሰለቻል፣ እስከዚህ አብሬህ ነኝ።

ግን ሙሉ በሙሉ እንተወው ካልክ እቃወማለሁ። ሰውዬው ከ1991 ጀምሮ መድረክ ላይ መሥራት አቁመው ነበር፣ እስኪመለሱ ድረስም ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። ጣት ያን ያህል ጊዜ ካልሠራ ይደርቃል። የእሳቸው አልደረቀም። ለምን? ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ያችን በባትሪ የምትሠራ ኪቦርድ እያወጡ ስለተጫወቱ ነው። ሰሚ የለ፣ ከፋይ የለ፣ አልበም የለ። የምትወዱት የአልበሙ እርጋታ፣ አንተ ራስህ «ማድረግ እየቻሉ መተው» ያልከው፣ እኔ እንደማስበው እዚያ መኪና ውስጥ ነው የመጣው። ለማንም ሳይሆን ለራስህ ስትጫወት የምታስደንቀው ሰው የለም። የማያስፈልገው ኖታ ራሱ ይወድቃል።

መድረክ ላይ አይቻቸዋለሁ። አጠገባቸው አኮርዲዮኑም ሜሎዲካውም (በአፍ የሚነፋ ትንሽ ኪቦርድ) አለ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሻገሩ አይቸኩሉም። ፊታቸው ላይ ብዙ ነገር አታነብም። አዳራሹ ግን ቆሞ ነው የሚጨፍረው፣ አብዛኛው ወጣት፣ አብዛኛው የኛን ቋንቋ የማይሰማ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በኩራት ስፈነድቅ ነበር።


ጠባሴ

@ከእነዋሪ፣ እህታለም ይሄ ከኔ ጽሑፍ የተሻለ ነው። ታክሲውን እንዲህ ካነሳነው ደስ ይለኛል፣ የልምምድ ቦታ ብለን። እኔን የሚያመኝ ታክሲው ላይ ቆሞ ወደ ሙዚቃው የማይገባው ወሬ ነው።


ምንጃር ነጭ ጤፍ

እኔ ስለ ቅኝት ብዙ አላውቅም፣ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ።

ባለፈው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚኒባስ ስንሄድ ሾፌሩ ፍላሹ አልሠራ አለውና «ሙዚቃ ያለው?» አለ። ስልኬን በብሉቱዝ አገናኘሁና «ላላ በሉ»ን ከፈትኩ። ጫጫ ላይ አንድ ሰውዬ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለ። ሸዋ ሮቢት ሜዳ፣ ያንተ ወገን ነው! ዝም አልኩ። ሸኖን ስናልፍ ያው ሰውዬ በጣቱ የፊቱን ወንበር ይመታ ነበር። አለልቱ ስንደርስ ሾፌሩ ራሱ «ይሄ የማን ነው?» አለኝ። «የደብረ ብርሃን ልጅ ናቸው» ስለው «አትቀልድ» አለ። ሰንዳፋ ላይ ቁጥሬን ተቀብሎኝ ማታ በቴሌግራም ላክሁለት።

በነገራችን ላይ እኛም ምንጃሮች ባዶ እጃችንን አይደለንም። ተሰማ እሸቴ የምንጃር ሰው ናቸው፣ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት። እንደው እንዳይረሱ ብዬ ነው።


ሸዋ ሮቢት ሜዳ

@ምንጃር ነጭ ጤፍ፣ ሾፌሩ ቢወደውም እኔ አቋሜን አልለቀቅኩም። መኪና ውስጥ ጥሩ ነው። ግጥም እወዳለሁ፣ ይሄ ደግሞ የማላፍርበት ነገር ነው።

ግን ፍትሐዊ ልሁን፣ ከዚያ በኋላ የወጣውን ሰምታችኋል? በ2020 «የኔ ምርጫ» የሚል አወጡ። እሱ ለኔ ይበልጥብኛል። እዚያ ላይ የአስናቀች ወርቁን «በዓይኔ ላይ ይሄዳል» ተጫውተዋል፣ የቴዲ አፍሮን «ሸመንደፈር»ም። ቴዲ እኮ በ30 ዓመት ያንሳቸዋል! ትልቅ ሰው የልጁን ዜማ ሲያነሳ ደስ ይላል። ግጥሙን ስለማውቀው ደግሞ መሣሪያው ሲጫወተው በልቤ እየዘፈንኩ ነው የምሰማው። ያኔ ወርቅ አለው።


ካሴት ቤት

@ሸዋ ሮቢት ሜዳ፣ «በልቤ እየዘፈንኩ» ያልከው እኮ ያው የኛ ክርክር ነው። አያቶቻችን የ1985ቱን ካሴት የሰሙት እንደዚያ ነው። «ሸሞንሟናዬ»ን ሲሰሙ ግጥሙ አፋቸው ላይ ነበር። እኛ ግጥሙን ስለረሳን ነው ባዶ የሚመስለን። አሮጊት አጠገብህ ካለች አንድ ቀን አብረሃት ስማው፣ ራሷ ትሞላልሃለች።

ሌላ ልጨምር፣ ግርማ በየነም አሉ። ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄደው የቀሩ ናቸው፣ ለብዙ ዓመት ከሙዚቃ ርቀው ቆዩ። በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም ሠሩ፣ ኢትዮፒክስ የሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 30ኛ ሆኖ ወጣ። እዚያ ላይ ግጥምም ድምፅም አለ፣ አንተ ትወደዋለህ። ድምፃቸው ሻከር ብሏል፣ አልደበቁትም። በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለት የዋልያስ ሰዎች እንዲህ መመለሳቸውን ሳስብ እገረማለሁ።


ስድስት ክር

እኔ ጊታር ነው የምጫወተው፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አንድ ችግር አለብኝና እርዱኝ፣ በተለይ ጋሼ መምህር።

ከ«ላላ በሉ» ላይ «አንቺሆዬ ለኔ»ን ለጊታር ላወጣው እየሞከርኩ ነው። ትዝታው ብዙ አላስቸገረኝም። ከሲ ብንነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፣ የተለመደው ሲ ሜጀር ኮርድ ይሄድለታል። የአንቺሆዬ ቅኝት ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ሲ ሜጀር ብይዝ ይጋጫል፣ ሲ ማይነር ብይዝም ይጋጫል። ምክንያቱ ገብቶኛል፣ ሁለቱም ኮርድ ውስጥ ጂ አለች፣ አንቺሆዬ ውስጥ ጂ የለችም፣ በምትኳ ጂ ፍላት ነው ያለችው። እና ጣቴ ለምዶ የያዘው ሁሉ ስህተት ይሆናል። ዜማውን ብቻ በነጠላ ክር ስጫወተው ደግሞ ይሳሳል፣ አልበሙ ላይ እንደሚሰማው አይሞላም። ሦስት ሰው ሆነው እንዴት ነው የሞላላቸው?

አስተማሪ የለኝም፣ ከዩቲዩብ ነው የምማረው፣ አንቺሆዬን በጊታር የሚያሳይ ቪዲዮ ደግሞ ብዙ አላገኘሁም።


ጠባሴ

ይሄ ልጅ ይረዳ! ጋሼ የት አሉ?


ጡረታ የወጣ መምህር

አለሁ፣ አለሁ። ጎበዝ ልጄ፣ ጥያቄህ ራሱ ግማሽ መልስ አለው።

ሲን እንደ ቤት ቆጥረህ ኮርድ ልትሠራላት አትሞክር። ቤዙ ሲን ብቻ ይያዝ፣ ባዶዋን። የሚሞላልህን ድምፅ ከዜማው በላይ አትፈልገው፣ ቅኝቱ ውስጥ ካሉት ድምፆች ፈልገው። ያሉህን ቁጠራቸው። ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ አሉህ አይደል? ያ ኤፍ ሜጀር ነው፣ ሙሉ ለሙሉ ቅኝቱ ውስጥ ነው፣ ምንም አይጋጭም። አሁን ደግሞ ጂ ፍላት፣ ኤ፣ ዲ ፍላት አሉህ። ጂ ፍላትን ኤፍ ሻርፕ፣ ዲ ፍላትን ሲ ሻርፕ ብለህ ጥራቸውና ኤፍ ሻርፕ ማይነር ሆነ። እሱም ሙሉ ለሙሉ ውስጡ ነው። ሁለቱ ኮርዶች አንገቱ ላይ በአንድ ፍሬት ብቻ የሚለያዩ ናቸው፣ ጣትህ ብዙ አይደክምም። ኤ ሁለቱም ውስጥ ስላለች አትልቀቃት፣ ሌሎቹ ይንቀሳቀሱ። ያኔ ይሞላልሃል።

ሌላው፣ አትግረፈው። ስድስቱንም ክር አንዴ ከመታህ አንቺሆዬ ይጠፋል። ሦስት ክር በቂ ነው፣ በጣትህ ለይተህ ጎትታቸው። አኮርዲዮን አንድ ድምፅ ይዞ መቆየት ይችላል፣ ጊታር አይችልም፣ ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ ጋሽ ኃይሉ ይዘው የሚቆዩበት ቦታ ላይ አንተ ያቺኑ ክር ደጋግመህ ቀስ ብለህ ንካት፣ እንደ ክራር።

እና የመሣሪያውን ቅኝት በመቃኛ አፕሊኬሽን ከቃኘህ በኋላ ዝጋው። ከአልበሙ ጋር አብረህ ተጫወትና የሚቀረውን ጆሮህ ያስተካክለው። ክራር ደርዳሪ በጆሮው ነው የሚቃኘው።


ስድስት ክር

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ! ኤፍ ሜጀርና ኤፍ ሻርፕ ማይነር እየተቀያየሩ አሁኑኑ ሞከርኩት፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ኤ ላይ መቆየቱ ነው የጎደለኝ። በደንብ ሲበስልልኝ በድምፅ ቀድቼ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ እባክዎ ይስሙልኝ። ቤዝ የሚይዝልኝ ሰው ግን የለኝም፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤዝ የሚጫወት ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።


የይፋት ልጅ

ቤዝ አልችልም፣ ከበሮ ግን አለኝ። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ጻፍልኝ።